ገመዱ የምን ምልክት ነው?

ትናንት ጎረቤቴ በርበሬ ስታምስ እሳቱ በዛባትና ጢሱ በመስኮቴ ገባ። የሚያር በርበሬ እንዴት ጉሮሮ እንደሚይዝ ታውቂያለሽ። ግቢው በሙሉ እየሳለ፣ እያስነጠሰ፣ እየሳቀ ወጣ። እኔ ግን ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ እስከ አስፋልቱ ሄድኩ፤ ጢሱ ጠፍቶ፣ ግቢው ተረጋግቶ እንኳ ቶሎ አልተመለስኩም። «ምነው መምህር፣ በርበሬ እንዲህ ያሸሻል እንዴ?» አለችኝ ጎረቤቴ አፍራ። «አስም አለብኝ» አልኳት። አስም የለብኝም። አንቺ ስለጠየቅሽኝ ግን ልንገርሽ።

ፍኖተ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል የገባሁ ዓመት ነው። ያን ጊዜ እንደ ኋላው በየቀበሌው ሁለተኛ ደረጃ አልተከፈተም። የገጠር ልጅ ስምንተኛን ካለፈ ስንቁን በአህያ ጭኖ ከተማ ይገባና ከዳር አንድ ክፍል ለሦስትም ለአራትም ይከራያል። እኛ ሦስት ሴቶች ነበርን። አንደኛዋ ዘጠነኛን የምትደግም፣ በዕድሜም በቁመትም የምትበልጠን ስለነበረች ትልቋ እንላት ነበር። ሁለተኛዋ ከገበዝ ማርያም በኩል የመጣች የቄስ ልጅ ናት። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

ትልቋ ጥሩ መንግሥት ነበረች፤ ይህን አልክዳትም። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። ውሃ በተራ፣ ወጥ በተራ፣ መጥረግ በተራ። ስንቃችን እንደ ደረሰ ዱቄቱን ሁሉ አንድ ላይ አስቀላቀለችን። «የኔ ነጭ ጤፍ፣ ያንቺ ዳጉሳ የሚባል ነገር እዚህ ቤት የለም» አለች። የኔው ነበር ዳጉሳ የበዛበት። ያን ቀን ወደድኳት።

የቄሱን ልጅ መውደድ ግን ምክንያት አይፈልግም ነበር። አንድ ጋቢ ለብሰን ነው የምንተኛው። ሒሳብ አይገባትም፤ እኔ አስረዳታለሁ። እሷ ደግሞ ከአባቷ የሰማችውን ዳዊት በቃሏ እየደገመች እንድተኛ ታደርገኛለች። ብቻዋን ምንም ማድረግ አትችልም ነበር። ላጥናም ስትል ስሜን ትጠራለች፣ ወንዝ ልውረድም ስትል ስሜን ትጠራለች፣ ቁንጫ ሲነክሳትም ስሜን ትጠራለች። «አንቺ ልጅ፣ ስሟን ጨረስሽባት እኮ» ይሏት ነበር አከራያችን። አከራያችን ባል የሞተባቸው፣ ጠላ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ክፉ አልነበሩም። ብርድ የገባን ቀን አጃ ሾርባ በጣሳ ይልኩልን ነበር።

ድስቱን፣ እንስራውንና ማሰሮውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። «ከገበያ ገዛሁ» አልኳቸው። የሠራችው እናቴ ናት።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ አባቴ ነፍሱን ይማረውና ቀጥቃጭ ነበር። ይህ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ አላስረዳም። ገበሬው በአባቴ ማረሻ ያርሳል፣ ሚስቱ በእናቴ ድስት ትሠራለች፣ እኛ ስናልፍ ግን ልጃቸውን ከነጠላ ሥር ይሸሽጋሉ። ዓይናችን ሰው ይበላል። ማታ ማታ ጅብ እንሆናለን። ኧረ ጅብ መሆን በቻልኩና ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ ባልተመላለስኩ!

ወደ ከተማ የገባሁ ጊዜ እናቴ አንድ ነገር ብቻ አዘዘችኝ። «ቅዳሜ ገበያ እመጣለሁ። ስታዪኝ እንዳትስሚኝ። እንደ ሰው ሁሉ ቁመሽ ዋጋ ጠይቂኝ። ተወደደ በዪኝ። ተከራከሪኝ።» እንደዚያ ነው የምንገናኘው። ሸክላ ሠሪዎች ከገበያው ጥግ፣ ከከብት ተራው አጠገብ ይቀመጣሉ። እሄድና ድስት አነሳለሁ።

«ስንት ነው እናቴ?» እላለሁ። ደግነቱ ገበያ ላይ ማንኛዋንም ሻጭ እናቴ ማለት ያለ ነው።

«ላንቺ እቀንሳለሁ። ከስተሻልሳ፤ የከተማ ምግብ አልተስማማሽም?»

«ተስማምቶኛል። ይሄ ግን ተወዷል።»

«አይወደድም ልጄ። ደህና አድርጌ ነው የተኮስኩት። ሌሊት ይበርድሻል?»

ዋጋ የምንከራከር እየመሰልን የልባችንን እናወራለን። ድስቱን በመጨረሻ ሳልገዛው አስቀምጣለሁ። እሷም እንደ ተናደደ ነጋዴ «እንግዲያው ሂጂልኝ!» ትላለች። እየሳቅሁ እሄዳለሁ፤ ዞሬ ግን አላያትም።

የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ማንነቴ ሳይታወቅ አሥረኛን ተፈትኜ መውጣት። ከዚያ በኋላ ደመወዝ ያለው ሰው ማን ምን ይለዋል ብዬ ነው። ልጅነት ነው።

አማርኛ የሚያስተምረን ከወሎ የመጣ ወጣት ነበር፤ ትምህርቱን ጨርሶ መጀመሪያ የተመደበው እኛ ዘንድ ነው። መጽሐፉ ለአምስት አንድ ስለነበር ታሪኩን ራሱ ይጽፍና ያነብልናል። «ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ» ይልና ጉሮሮውን ይጠርጋል። ስለ ምልክት ያስተማረን ቀን ያነበበውን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ።

የአንድ መንደር ሕዝብ ድርቅ አሰድዶት ከሞላ ወንዝ ዳር ይደርሳል። ሽማግሌያቸው ረጅም ገመድ ያወጣና «ሁላችሁም ያዙት፤ የለቀቀ ይወሰዳል» ይላል። ሕፃን ሳይቀር ተያይዘው ይሻገራሉ። ማዶ አገር ያቀናሉ። ሽማግሌው ሲሞት ገመዱን ዋርካ ላይ ይሰቅሉታል፤ የተጣላ እሱን ይዞ ይታረቃል፣ የሚምል እሱን ነክቶ ይምላል። አንድ ዓመት ከብቱ በበሽታ ያልቃል። ጥፋተኛ ይፈለጋል። ከመንደሩ ዳር ብቻውን የሚኖር አንድ ንብ አንቢ አለ። ሌላ የሚያስሩበት ነገር ስላጡ ገመዱን ከዋርካው ያወርዱታል። በማግስቱ ጠዋት ልጆች ገመዱን ከዛፉ ሥር ያገኙትና እየዘለሉበት ይጫወታሉ። ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል።

«ገመዱ የምን ምልክት ነው?» አለ መምህሩ።

አንዱ ሕግ ነው አለ። አንዱ አንድነት ነው አለ። ትልቋ ከኋላ ተነሥታ «ሰውን ሰው የሚያደርገው መያያዙ ነው፤ አውሬ የሚያደርገውም ያው መያያዙ ነው» አለች። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ አየት አደረጋትና «አጨብጭቡላት» አለን። እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩላት። ከዚያ የተሻለ መልስ ከዚያ ወዲህም አልሰማሁም። ዛሬ እኔም አማርኛ አስተምራለሁ፤ ምልክት የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ የሷን መልስ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ሁልጊዜ በትክክል ይመልሳሉ። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ቅዳሜ እንደ ልማዴ ከእናቴ ፊት ቆሜ ድስት አገላብጣለሁ። ጠዋት የአከራያችንን ምድጃ ስጠርግ ጥላሸት ጉንጬን ነክቶኝ ኖሯል። እናቴ ረሳችው መሰለኝ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጉንጬን ጠረገችው። ቀና ስል ትልቋ ጨው ገዝታ ቆማ ታየናለች። ሻጭ የገዢን ፊት እንደማይጠርግ ለማወቅ ዘጠነኛን መድገምም አያስፈልግም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእንስራው መጠጣት ተወች። በራሷ ጣሳ ከቧንቧ ትቀዳለች። እኔ ወጥ በማወጣበት ቀን ሆዴን አመመኝ ትላለች። ለማንም ግን አልተነፈሰችም። ይህንንም አልክዳትም፤ የቄሱ ልጅ እስከታመመችበት ቀን ድረስ አፏን ይዛ ነበር።

የጀመራት ብርድ ብርድ ሲላት ነው። ጋቢውን፣ የኔን ነጠላ፣ ማዳበሪያውን ሳይቀር ደረብንላት፤ አሁንም ትንቀጠቀጣለች። ቀጥሎ እንደ እሳት ነደደች። «ወባ ነው፤ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት» አልኩ። በጥቅምት ፍኖተ ሰላም ወባ የማያውቀው ቤት የለም፤ ከአንድ ወር በፊት የአከራያችን ልጅ ራሷ ታማ በኪኒን ነው የዳነችው። «ትንሽ ይለፍላት» አሉ አከራያችን። ውሃ ቀድቼ በጨርቅ እያረጠብኩ ግንባሯን ልይዝላት እንስራ አዝዬ ወረድኩ።

ስመለስ ግቢው ሰው ሞልቶታል። የበርበሬው ጢስ ከበር ላይ ተቀበለኝ። ነጭ ሽንኩርት፣ አሮጌ ጫማና በርበሬ አንድ ላይ ነው የሚያጤሱት። ጓደኛዬን ግድግዳ አስደግፈው ጋቢ አከናንበዋታል፤ ጢሱን በገል ከአፍንጫዋ ሥር ይዘውባታል። በትኩሳት ትቃዣለች።

«ተናገር! ማነህ የያዝካት?» ይላሉ አከራያችን።

እሷም ስሜን ጠራች።

«ከየት ያዝካት?»

እንደገና ስሜን ጠራች። ውሃ ጠምቷት ይሁን፣ ጢሱ አፍኗት ይሁን፣ እንደ ቁንጫው ቀን እንደ ወንዙ ቀን እኔን ፈልጋ ነው የጠራችኝ። እንስራውን በር ላይ ጥዬ ገባሁ። «እየጠራችኝ እኮ ነው! እኔን ፈልጋ ነው! ልቀቋት!» አልኩ።

«እሱማ ታወቀ። አንቺን ነው የጠራችው» አለኝ አንድ ጎረቤት ቀስ ብሎ።

ትልቋ ጥግ ላይ ቆማለች። ዓይኗን ስፈልግ ወደ መሬት አየች። «እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት። ዓይቻለሁ» አለች። ውሸትም አልተናገረችም።

ሁለት ሰዎች ክንዴን ያዙኝ። ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርሽ የሚሉኝ ሰዎች ናቸው። «ትፊባትና ልቀቂያት!» አሉኝ። የያዘው ሰው ራሱ ካልተፋባት አትድንም፤ ደንቡ ነው። እኔም ደንቡን አውቃለሁ። አንድ ጊዜ የተፋ ሰው በራሱ አፍ እኔ ነኝ እንዳለ ይቆጠራል። እናቴ እኔን ስታሳድግ «ቢገድሉሽም እንዳትተፊ፤ ያ ምራቅ እስከ ልጅ ልጅሽ አይደርቅም» እያለች ነው። አልተፋም አልኩ። አንዷ በጥፊ መታችኝ። ሌላዋ ፀጉሬን ይዛ ፊቴን ወደ ጓደኛዬ ፊት አስጠጋችው። ዓይኗ ነጩ ብቻ ይታያል፤ ጥርሷ ይፋጫል። ሌላ ገል በርበሬ ሲጨምሩ ደረቷ እንዴት እንደሚዘል አየሁ። እዚያው ትሞታለች አልኩ በልቤ።

ወደ አከራያችን ዞርኩ። «እማማ፣ ብተፋባት ጢሱን ያወጡታል? ጤና ጣቢያስ ይወስዷታል?»

«እወስዳታለሁ።»

«ይማሉልኝ።»

«በማርያም» አሉ፤ ደረታቸውን ነክተው።

ተፋሁ። መጀመሪያ ምራቅ አጣሁ። አፌ ደርቆ ነበርና አንዷ በቆርቆሮ ውሃ ሰጠችኝ፤ ከጠጣሁ በኋላ ቆርቆሮውን በእግሯ ወደ ውጭ ገፋችው። ያን ውሃ ነው የምወዳት ልጅ ግንባር ላይ እንትፍ ያልኩት።

ወባ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ትኩሳቱ ጣሪያ ይነካና በላብ ይወርዳል። ጊዜው ደርሶ ኖሮ ላብ አጠመቃት። ጢሱንም አወጡላት። ዓይኗን ገለጠች፤ ውሃ ጠየቀች፤ ቀና ብላ ተቀመጠች። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዳንዱ አለቀሰ። ፍጹም ደስታ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ክብረ በዓል ይመስል ነበር።

«እንግዲህ እንውሰዳት እማማ» አልኩ።

«ለምን ልጄ?» አሉኝ በርኅራኄ። «አንቺው ለቀቅሻት እኮ።»

መሐላ ያፈረሱ አልመሰላቸውም። ፊታቸው ላይ ክፋት ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

ትልቋ ድስቱን፣ ማሰሮውን፣ በር ላይ የጣልኩትን እንስራ እያነሣች ከአጥሩ ድንጋይ ጋር አጋጨችው። የተቀላቀለው ዱቄት ችግር ሆነ፤ የኔን ከነሱ መለየት አይቻልም። ጥቂት ተማከሩና በሙሉ ከደጅ ደፉት። የራሷ የሦስት ወር ስንቅ ሲደፋ ትልቋ እያለቀሰች ታይ ነበር። እኔን ማንም አልደበደበኝም ከዚያ በኋላ፤ ደብተሬንና ጋቢዬን በእንጨት ገፍተው ወደ መንገድ አወጡልኝ። ጋቢውን ከቄሱ ልጅ ጋር ነበር የምንለብሰው።

እያለቀስኩ ወደ መምህሩ ቤት ሄድኩ። የምሳውን ሳህን እያጠበ አገኘሁት። ነገርኩት። ሳህኑን አስቀመጠ። «ትኩሳቱ ይመለስባታል» አለኝ። «ይመለስባታል፤ እኔ ብነግራቸው አይሰሙኝም» አልኩት። ነጠላ ጫማውን እንኳ ሳይቀይር ወጣ። ያን ቀን ግን «ድናለች፣ ተኝታለች» ብለው ከበር መለሱት። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲነሣ እንደገና ሄደ፤ የፈረስ ጋሪ ይዞ፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ አስከትሎ። ራሷን ስታ አገኛት። አሁን አልከለከሉትም። ቡዳው ለቋታል፤ ይሄ እንግዲህ ተራ በሽታ ነው፤ ተራ በሽታ ደግሞ ሐኪም ያያል።

ሆስፒታል ግሉኮስ ተሰቅሎላት ሰነበተች። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ እውላለሁ። አባቷ ቄሱ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ በእግራቸው መጡ። አንድ ቀን አዩኝና ወደ አጥሩ ቀረቡ። «ልጄ፣ አልረግምሽም። ልጄን መልሰሽልኛል። ብቻ ከዚህ ራቂልን» አሉኝ። በትሕትና ነው የተናገሩት።

ትምህርት ቤትም ወሬው ቀደመኝ። የተቀመጥኩበት አግዳሚ ባዶ ሆነ። ገመዱ ሕግ ነው ያለው ልጅ ወንበሩን ይዞ እስከ ግድግዳው ሸሸ። መምህሩ አንድ ሳምንት ከኔ ጎን እየተቀመጠ አስተማረ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ግን ማንም ወደ ሰሌዳው አላየም። በመጨረሻ መልቀቂያ አስጽፎ ሰጠኝ። «ቡሬ ማንም አያውቅሽም» አለኝ።

«መምህር» አልኩት፣ «ያ ንብ አንቢ ገመዱን ፈትቶ ቢያመልጥ ኖሮ የት ይሄድ ነበር?»

«እሱን አልጻፍኩትም» አለ።

ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል አይደል? እኔም ቡሬ ሄድኩ። ቁርበቱም ተነጠፈልኝ። ተማርኩ፣ ተፈተንኩ፣ ይኸው መምህርት ሆንኩ። እናቴ ግን ቡሬ ገበያ አልመጣችም። ነይ ብላት፣ ብለምናት «ሁለት ጊዜ ላጠፋሽ አልፈልግም» አለችኝ። ያለ ገበያ መነጋገር ደግሞ አናውቅበትም ነበር፤ እቤት ስሄድ ፊት ለፊት ተቀምጠን ዝም እንላለን። እንዲሁ እንዳለን አረፈች።

የቄሱን ልጅ ያየኋት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እዚሁ ቡሬ መናኸሪያ ውስጥ ነው። ሽንዲ ተድራ ኖሯል፤ የሽንዲን መኪና ትጠብቃለች። ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላለች። ስሜን ጠራች። ከሕዝቡ መሐል፣ ከረዳቶቹ ጩኸት መሐል፣ እንደ ድሮው አድርጋ ጠራችኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። እሷ ይበልጥ አለቀሰች። ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችኝ፤ አልፈራችኝም።

«ሳላመሰግንሽ እንዳልሞት እግዜርን ስለምነው ነበር» አለችኝ። «ሌላ ብትሆን ጨርሳ ትበላኝ ነበር። አንቺ ግን ስለምትወጅኝ ለቀቅሽኝ።»

ወባ ነበር ልላት አፌን ከፈትኩ። ፊቷ በእንባ ርሷል፤ እንዲያ ስትወደኝ አይቻት አላውቅም። «እንኳን ዳንሽ» አልኳት።

ልጁ በጀርባዋ ተንቀሳቀሰና አለቀሰ። ወደ ፊት አዙራ አቀፈችው። እያወራችኝ፣ እየሳቀችልኝ፣ እጇ ብቻ በራሱ ጊዜ የነጠላውን ጫፍ ሳበና የልጁን ፊት ሸፈነው። እሷ እንዳደረገችው የምታውቅም አይመስለኝም። እኔም እንዳላየ ሰው ስለ ሽንዲ መንገድ ጠየቅኋት። መኪናው ሲመጣ ዕቃዋን አቀበልኳት፤ በመስኮት እስክትጠፋ እጇን አውለበለበችልኝ። ልጁ እሷን ይምሰል አባቱን እስከ ዛሬ አላውቅም።